ደመወዝተኛው ሌባ

በምርምር ተቋሙ ውስጥ ሁሉም የሚጠራው «ሌባው» እያለ ነው። ቅጥሩ «የሙከራ ሠራተኛ» ቢልም ሥራው አጥር ዘሎ መግባት ነው። መንግሥት ሰርጎ ገብ የሚለይ ራዳር ሲያሠራ፣ መሣሪያው ሰውን ከውሻና ከነፋስ መለየት እንዲችል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሜዳው ላይ የሚሮጥ፣ የሚያነክስ፣ በደረቱ የሚሳብ ሰው አስፈልጎ ነበር። ጉልበቱ አለቀ፤ ቀልዱ ግን አላለቀም። «ጡረታ የሚጠብቅ ሌባ የት አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል።

ዘንድሮ ራዳሩ ለገበያ ይውጣ ተባለ። የመጀመሪያው ገዢ የአንድ ትልቅ መጋዘን ባለቤት ነው። መሣሪያው ሙከራውን ካለፈ አሥራ ሁለቱን ጥበቃዎች እንደሚያሰናብት ሌባው ቢሮ ውስጥ ሲወራ ሰማ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ እናት አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ ያሳደገው። ወንድሙ የሚያውቀው ጥበቃዎቹን የሚያግዝ መሣሪያ እንደሚመጣ ብቻ ነው። ሌባው ሊነግረው ሦስት ጊዜ ቤቱ ሄዶ፣ ሦስቴም ስለ ጉልበት ሕመም አውርቶ ተመለሰ።

ስለዚህ ራዳሩን ሊያሳፍረው ቆረጠ። ዘዴውን ያውቃል፤ በደረት ተኝቶ አንድ ስንዝር መሳብ፣ እስከ ሃያ መቁጠር፣ ደግሞ አንድ ስንዝር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ሲያልፍ መሣሪያው ዝም ስላለለት፣ ደስታው አላስችል ብሎት ራዳሩን ለምትሠራው መሐንዲስ ነገራት። አይ ሞኝነት! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እሷም «አንተ ጉድ!» ብላ ስቃ ሳምንቱን ሙሉ አስደገመችው። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም፤ ረስታዋለች ብሎ አመነ።

የሙከራው ቀን ጠዋት ባለቤቱና ጥበቃዎቹ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመው ሳለ ሌባው ከአጥሩ ሥር ተኛ። አንድ ስንዝር። ሃያ ቆጠረ። አንድ ስንዝር። ጠጠሩ ጉልበቱን በላው። «እባክህ፣ ዛሬን ብቻ ታወርልኝ» ብሎ መሣሪያውን በልቡ ለመነው።

አምስተኛው ስንዝር ላይ ደወሉ ጮኸ።

«ያ ያንተ አካሄድ ነው እኮ!» አለች መሐንዲሷ። «ያኔ ባታሳየን ኖሮ ራዳሩ መቼም አይለየውም ነበር።» ባለቤቱ እየሳቀ እጇን ጨበጠ።

ሌባው መነሳት አቃተው። ሮጦ የደገፈው ወንድሙ ነው። አቧራውን እያራገፈለት፣ ፊቱ በደስታ በርቶ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ታናሼ ነው!» አላቸው። «ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»