ማስነጠስ ያቆመችው ጀልባ

እህቴ ሳቪትሪ ሲሳቅባት ዝም ማለት አልፈጠረባትም። በደቡብ አፍሪካ ከደርባን ከተማ በስተደቡብ ባለው የባሕር ዳርቻችን ወደብ የለም፤ ጀልባችንን ከአሸዋው ገፍተን ማዕበሉን ሰንጥቀን ለዓሣ እንወጣለን፣ ስንመለስም በሙሉ ፍጥነት አሸዋው ላይ እንወጣለን። ለዚህ የሚሆነው ባለ ሁለት ሆድ፣ ማለትም ሁለት ጠባብ ታንኳ ጎን ለጎን በአንድ ወለል የተያያዙበት የሞተር ጀልባ ነው። በሆዶቹ መሐል ባለው ዋሻ ነፋስ ይገባና ከፍ ያደርጋታል፤ ያን ጊዜ ትበራለች።

የሳቪትሪ ጀልባ ዋሻዋ ዝቅ ያለ ነበር። ባሕሩ ሲረጋ የሚቀድማት የለም። ሲከፋ ግን ማዕበሉ የዋሻውን ጣሪያ ይደበድበዋል፣ ውሃውም በፊት በኩል እየተተፋ ፊታችንን ያጥበዋል። ይህን እኛ ማስነጠስ እንለዋለን። የባሏ ወንድም ካናን ባየን ቁጥር አፉ አያርፍም።

«ይማርሽ እትዬ! ጉንፋኑ አልለቀቀሽም? በቃ ለኔ ሽጪልኝና እኔው ጋ ተቀጠሪ!»

አንድ ቀን ጠዋት ሳቪትሪ መጋዝ ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ እያየ የገዛ ጀልባዋን ቆርጣ የዋሻውን ጣሪያ አንድ ስንዝር ከፍ አደረገችው። አበደች አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር።

የዳርቻው ደኅንነት ኃላፊ ላቡሽኛ፣ ቁጡ ሽማግሌ፣ ጣቱን ቀሰረባት። «እኔ ሳልሞክራት ከዚህ አሸዋ አትወጣም። ፈተናውን ከወደቀች ደግሞ ጨዋታው አበቃ፤ ካናን ጋ ትቀጠሪያለሽ።»

«ይምጡና ይሳፈሩ!» አለችው።

ባሕሩን የሚያከፋው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በተነሣ ቀን ሦስታችን ወጣን። የሚሰበረውን ማዕበል እንዳለፍን ባሕሩ ፊት ለፊት መጣብን። ላቡሽኛ ባለ አንድ ሆድ ጀልባ ላይ ያረጀ ሰው ነውና «ፍጥነት ቀንሺ! ቀንሺ!» ብሎ ጮኸ። እሷ ጭራሽ ጨመረች።

«ብቀንስ ሆዶቿ ይሰምጡና ጣሪያው ውሃው ላይ ይተኛል! አርፈው ይቀመጡ ጋሼ!»

ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን የማዕበል ዱላ ስጠብቅ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አልመጣም። ማዕበሉ በዋሻው ሾልኮ በኋላ ወጣ። ላቡሽኛ መነጽሩን ሊጠርግ አወለቀው፤ ደረቅ ነበር። ደስታዬ እንባ ሆነብኝ።

አሸዋው ላይ ስንወጣ ካናን እየሮጠ መጣ። «ፍጥነቷ ግን ቀንሷል!»

«አዎ ቀንሷል። አንተስ ዛሬ መች ወጣህ?» አለችው ሳቪትሪ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ላቡሽኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጀልባዋ አልፋለች። በእንዲህ ያለ ባሕር ግን መሪውን ካናን ቢይዝልሽ…»

ሳቪትሪ ጀልባዋን ወደ ውሃው አስዞረቻትና መሪው ላይ ቆመች።

«መሪው የኔ ነው ጋሼ። ወይ አላለፍሽም ይበሉኝ፣ ወይ ጀልባዋን ይግፉ። ዓሣው እኔን አይጠብቅም።»

ሽማግሌው ሰዉን አየ፣ ባሕሩን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አወለቀ። እስከ ወገቡ ገብቶ ገፋን። ካናንም ምን ያድርግ፣ በሌላው በኩል ገፋ።