ጥሪው ያንተ፣ አቤት ባዩ እኔ

ስልኬ የሚጮኸው ሁልጊዜ ጂፕሰሙን በጥብጬ እንደጨረስኩ ነው። ጂፕሰም ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ውሃ ከነካው በኋላ ትንሽ ከዘገዩበት ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ ፍቆ መድፋት ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ኮርኒስ ከሠራሁባቸው ቤቶች ጓሮ የኔ የደረቀ ጂፕሰም ያልተከመረበት የለም። ያን ሁሉ ያስደፋኝ አንድ ደላላ ነው።

"ሃሎ፣ ወንድሜ! እንዴት አደርክ? ሥራ እንዴት ነው? ያ ጓደኛህ አጠገብህ አለ?"

ሐሙሲት ተቀምጦ እስከ ባሕር ዳርም እስከ እኛም ድረስ ለሚሠሩ ቤቶች ባለሙያ የሚያገናኝ ሰው ነው። ብሎክ ባደርገው በሌላ ቁጥር ይመጣል፤ እሱንም ብዘጋው በሚስቱ ስልክ ይመጣል። የሚፈልገው ግን እኔን አይደለም። ባልንጀራዬን ነው።

ከባልንጀራዬ ጋር ሙያውን የተማርነው ከአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ነው። አሁንም አብረን እንሠራለን፤ እሱ የክፍሉን አንድ ጥግ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን። ሥራ ሲጀምር ስልኩን ያጠፋና ከጃኬቱ ጋር ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። የሚከፍተው ለምሳ ሲወርድ ነው፤ ያኔም ካሰኘው። በኩራት አይደለም፤ የበጠበጠው እንዳይደርቅበት ነው። ስለዚህ የሱ ጥግ እንደ ወተት ለስልሶ ይወጣል። የኔ ጥግ ላይ ግን ስልክ ላነሳ የቆምኩበት ቦታ ሁሉ ጠባሳ አለው። ቀለም ይሸፍነዋል ይላሉ። እኔ ግን ከቀለም በኋላም ይታየኛል።

እኔ ስልኬን ማጥፋት አልችልም። እናቴ ከጉና ተራራ ሥር ነው የምትኖረው፤ የራሷ ስልክ የላትም። ገበያ ስትወጣ ካገኘችው ሰው ለምና ትደውልልኛለች፤ አንድ ቀን የጨው ነጋዴ፣ አንድ ቀን የቄሱ ልጅ። ስለዚህ የማላውቀው ቁጥር ሁሉ እሷ ልትሆን ትችላለች። ይህን ደላላው ደርሶበታል። ባልንጀራዬ እንደማያነሳ፣ እኔ እንደማልተው ያውቃል።

"እስቲ ለጌታው ስጥልኝ" ይለኛል። ባልንጀራዬን ነው ጌታው የሚለው። እኔን ወንድሜ ነው የሚለኝ፤ መንገድ ላይ የሚያገኘውም ሁሉ ወንድሙ ነው።

አንድ ቀን ገና ባልተቀባው ግድግዳ ላይ በእርሳስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

ጥሪው ያንተ ሆኖ አቤት ባዩ እኔ፣
ሲፈልግህ ዋለ ሰው ቆሞ በጎኔ።

ባልንጀራዬ አነበበው። "ቆንጆ ነው" አለና ጂፕሰም ለሰነበት። አልተቀየመም። ቢቀየም ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የወንዛዬው ሥራ መጣ። ፍል ውሃው አጠገብ አንድ ሰው የእንግዳ ማረፊያ እያሠራ ነው፤ ትልቅ አዳራሽ፣ ኮርኒሱም ባለሙያው በፈለገው ንድፍ። በፈለገው ንድፍ! የምንሠራው ሁሉ ባለቤቱ ከሰው ቤት በስልክ አንስቶ የሚያመጣውን ፎቶ እየቀዳን ነው። እኔ ደግሞ በልቤ የያዝኩት አንድ ጣራ ነበረኝ፤ ከመሐሉ ተነሥቶ ወደ ዳር እንደ ውሃ ቀለበት እየሰፋ የሚሄድ።

"እኔ ልምጣ" አልኩት ደላላውን። "እኔም እኮ ሙያው አለኝ።"

ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያ ነው ያበሸቀኝ።

"ወንድሜ፣ አንተ ጎበዝ ነህ። ግን ገና አንዴ ሳይጠራ ታነሳለህ። ለባለቤቱ ምን ልበለው? በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳ ሥራ የፈታ ነው ይለኛል። ጓደኛህን ግን አጣሁት፣ አያነሳም ባልኩት ቁጥር ይበልጥ ፈለገው።"

እንግዲያው እኔም አላነሳም አልኩ። ስልኬን ድምፁን ሳልቀንስ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ መወጣጫው ላይ ወጣሁ። ጮኸ፤ ተውኩት። እንደገና ጮኸ። አሁንም ተውኩት። ጂፕሰሜ ሳይደርቅ አለቀ፤ ጥጌም ለሰለሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ያልተነሱትን ጥሪዎች ሳይ ልክ ሰው እንደፈለገኝ ሁሉ ደስ አለኝ። በማግሥቱም ተውኩት። ያ ጣራ የኔ ሊሆን ነው ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የማላውቀው ቁጥር ነበር። ጮኸ፣ ቆመ፣ ጮኸ። የገበያ ቀን መሆኑ ትዝ ሲለኝ እጄ በጂፕሰም እስከ ክርኔ ድረስ ተነክሯል። ባልንጀራዬ ውሃ ሊቀዳ ወርዶ ነበርና አነሳው።

"አቤት... የለም፣ ልጅዎ መወጣጫው ላይ ነው፤ እጁ ተይዞበት ነው። ጓደኛው ነኝ እማማ። እንዴት ነዎት?"

ሊሰጠኝ ነው ብዬ እጄን በሱሪዬ እየጠረግሁ መውረድ ጀመርኩ። እሱ ግን ባልዲው ላይ ቁጭ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?... ሽቅቡ ነው ቁልቁለቱ የሚብስብዎት?... ታዲያ ለምን አልነገሩትም?... ግድ የለም፣ እኔ ይዤዎት እሄዳለሁ። እርስዎ ብቻ ይምጡ።"

ስደርስ ተቋርጧል። መልሼ ስደውል አንድ ጎልማሳ አነሳና "እናትየዋ ሄደዋል፤ እኔም በግ ልሸጥበት ነው" ብሎ ዘጋው።

"ምን አለችህ?"

"ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከክረምት ጀምሮ። ቁልቁለቱ ላይ ነው የሚብሰው።" ባልዲውን አነሳ። "ወንዛዬ ፍል ውሃ ቢገቡ ይሻላቸዋል ብለዋቸዋል። እወስድዎታለሁ ብያቸዋለሁ። ያን ደላላ እሺ ልለው ነው መሰለኝ።"

ለኔ "ደህና ነኝ፤ የሰው ካርድ ነው" ብላ የምትዘጋ ሴት! ስንት ጂፕሰም ያስደፋኝ ስልክ ነው ይህ! እሱ በሕይወቱ አንድ ጊዜ የኔን ስልክ አነሳና ጉልበቷን አገኘ። ሥራውም የሱ፣ እናቴም የሱ። ቤቱ ውስጥ መቆም አቃተኝ፤ ወጥቼ አሸዋ ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴን ሌላ ሰው ውሃ ሊያስገባት አይሆንም። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔው ለደላላው ደወልኩ። አያነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ከዘበኛው ስልክ ሞከርኩ፣ ከሱቁም ሞከርኩ። የሚያደርገኝን አደረግሁት፤ አንዱንም አላነሳ።

"በኔ ሞክረው" አለ ባልንጀራዬ፣ ስልኩን ከጃኬቱ አውጥቶ እየከፈተ።

ገና እንደጠራ ተነሳ። "አቤት ጌታዬ! አቤት የኔ ጌታ! ምነው እንዲህ ይጨከናል? ባለቤቱ በየቀኑ ስምህን ነው የሚጠራው፤ ንድፉን እንዳሻህ፣ ማደሪያውም ምግቡም..."

ማቋረጥ ነበረብኝ፤ ግን አላቋረጥኩም። ለሰው እንዲህም ይባላል ለካ። እንደ ማር የሚንጠባጠበው ቃል ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፣ አንዱም የኔ አይደለም። ትንፋሽ ሲወስድ "እኔ ነኝ" አልኩት።

"ኧ!" አለ። ድምፁ እዚያው ወደ ወንድሜነት ወረደ። "ምን ነበር?"

"እሱ ይመጣል። እኔም አብሬ ልምጣ።"

"ለንድፉ አንድ ሰው ነው የተፈለገው እኮ።"

"ረዳት ሆኜ።"

"ረዳት ከሆንክማ ምን ገዶኝ! የሚበጠብጥለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ና።"

ባልንጀራዬ ሰምቷል። ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ጂፕሰም ይፍቅ ጀመር። በኋላ ግን "ንድፉን አንተ ታወጣለህ" አለኝ። ከሱ እጅ የሚሰጠኝ ጣራ ያንቀኛል።

የሄድን ዕለት እናቴን ደብረ ታቦር መናኸሪያ ተቀበልናት። በትር ይዛለች፤ በትር ይዛ አይቻት አላውቅም። ጉንጬን ስማ ሳትጨርስ "ያ ልጅ የታለ?" አለች። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሲስም እሷ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ያዘችው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እኔ መሣሪያችንን ታቅፌ ከኋላ።

ወረታ እስክንደርስ ድረስ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ስለ ገብሱ፣ ስለ በረዶው፣ ሌሊት ስለሚቆረጥማት። እኔ ያደግሁበትን ቤት እንደ እንግዳ ከሰው ጀርባ ሆኜ አዳመጥኩ። በመጨረሻ አላስቻለኝም፤ ወደ ፊት ተጠጋሁና ትከሻዋን ነካሁ።

"እማዬ፣ የትኛው ጉልበትሽ ነው?"

ዞራ አየችኝ። "ግራው ነው፣ ልጄ።"

"ቀኙም ጀምሯቸዋል" አለ ባልንጀራዬ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"ቀኙም ጀምሮኛል" አለች እናቴ።