ቃሬዛው ያልዞረበት ደረጃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ቀለም፣ ማስመሪያና ግማሽ ምላጭ ሰጡኝ። ያኔ ንድፍ የሚሠራው በእጅ ነው፤ የተሳሳተ መስመር በምላጭ ይፋቃል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወረቀቱን ሦስት ቦታ በሳሁት። አለቃዬ ወደ ብርሃን አንስተው አዩትና «ጎበዝ! መስኮት አበዛህለት» አሉኝ። ፒያሳ ያለው ቢሯችን አዲስ ሰው የሚቀበለው እንዲህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ድራፍትማን ሆኜ ሠራሁ። መሐንዲሱ ያስባል፣ እኔ እስላለሁ፤ ሲበላሽ ሁለታችንም ግንበኛውን እናያለን።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ሁለት ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ የጋራ መኖሪያዎች እንድንነድፍ ደረሱን። ነገሩ ሲነሣ አንደኛው አልቆ ሰው ገብቶበታል። ሁለተኛው ገና ከመሠረቱ አልወጣም። መሐንዲሳችን ዮናስ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ልጅ፣ በሁለተኛው ቤት የደረሳቸውን የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰዎች ሰብስቦ አስተያየት ጠየቀ።

አንዷ «በርበሬ የት ነው የማሰጣው?» አሉ። ሌላው «በረንዳው ለአንድ እግር ነው እንዴ?» አሉ። ዮናስ ሁሉንም በፈገግታ አለፋቸው። በመጨረሻ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሽኩር ተነሡ። የደረሳቸው ዘጠነኛ ፎቅ ነው።

«ልጄ፣ ሬሳ በየት ነው የሚወርደው?»

«በሊፍት ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሊፍቱ ውስጡ ስንት ነው?»

ዮናስ ወደ እኔ ዞረ። «አንድ ሜትር ከአርባ» አልኩ።

«ታዲያ ቆሜ ልወርድ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የቆምኩት አይበቃኝም?»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ስንቱን ሰው በክብር ሸኝቻለሁ። እኔን ጎረቤቶቼ እንደ ቁም ሳጥን እያጋደሉ እንዲያወርዱኝ አልፈልግም» አሉ።

ዮናስ «በደረጃው ይዞራል፣ ወርዱ እንደ ደንቡ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

«እንሞክረዋ!» አሉት።

በነጋታው የእድሩ ቃሬዛ ወዳለቀው ሕንፃ መጣ፤ የሁለቱም ደረጃ አንድ ዓይነት ነው። ማን ይተኛበት? ሟርት ነው ብሎ ሁሉም ሸሸ። ጋሽ ሽኩር «የሳለው ይተኛ!» ብለው ፈረዱ። ወይ ጣጣ! ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩ። በነጠላም ሸፈኑኝ። «ምን አስፈለገ?» ብላቸው «ሥራ በወጉ ነው» አሉኝ።

ከአምስተኛ ፎቅ ተነሣን። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ቃሬዛው ግድግዳውና የደረጃው ብረት መሃል ተቀረቀረ። «ወደ ቀኝ!» ይላል አንዱ፤ «ኧረ ወደ ላይ!» ይላል ሌላው። እኔ ራሴ ወደ ታች፣ እግሬ ወደ ሰማይ ሆኗል። በዚህ መሃል ቲማቲም የያዙ አንዲት እናት ከታች ብቅ አሉ።

«ውይ በሞትኩት! ማን ነው?» ብለው ደረታቸውን መቱ።

አሳዘኑኝ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ «ደህና ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። ቲማቲሙ እየተንከባለለ እስከ ምድር ቤት ወረደ። እሳቸው ግን ቀደሙት።

ዮናስ ከሳቁ ሲመለስ ሜትር አውጥቶ መታጠፊያውን ለካ። ከዚያም በዚያው ቀን የቢሯችን ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ይዞኝ ገባ። ሥራ አስኪያጁ «መታጠፊያው ከሰፋ ከየቤቱ ቦታ ይቀነሳል። ሰው የሚሞተው አንድ ቀን ነው!» አሉ።

«ልክ ነዎት» አላቸው ዮናስ። «ቃሬዛው ደጅ ነው፤ እስኪ እርስዎ ይተኙና እንየው።»

አጉረመረሙ፣ አማተቡ፣ ፈረሙ።

ሁለተኛው ሕንፃ መታጠፊያው ሰፍቶ ተሠራ። ጋሽ ሽኩር ገብተው ሁለት ዓመት ኖሩበት። መብራት ጠፍቶ በእግራቸው በወጡ ቁጥር ስልክ ደውለው ይሰድቡን ነበር።

ባለፈው ክረምት አረፉ። እኔና ዮናስ ከተሸካሚዎቹ ጋር ገባን። ከዘጠነኛ ፎቅ እስከ ምድር አንድም ቦታ ወደ ጎን አላጋደልናቸውም። ታች ስንደርስ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እናንተ ነዳፊዎች፣ የደረጃ መታጠፊያ ስትነድፉ አንድ ቃሬዛና አራት ተሸካሚ አስገብታችሁ ለኩ።