ከቦርደዴ እስከ ገለምሶ፦ የአንድ የመድኃኒት ወረቀት መንገድ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ስነሳ የያዝኩት አንድ የልብስ ሻንጣና አንድ ወፍራም ፋይል ነበር። ፋይሉ ውስጥ ሦስት ወር የደከምኩበት ንድፍ አለ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል በሲስተም ጥናት ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ይቸግረኝ ነበር፤ እናቴ እንኳ ለጎረቤት ስትናገር "ኮምፒዩተር ትጠግናለች" ነበር የምትለው። እኔ ግን አንድም ቀን ጠግኜ አላውቅም። የኔ ሥራ አንድ ጉዳይ ከየት ተነስቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ የት እንደሚደርስ አጥንቶ የተሻለ መንገድ መንደፍ ነው።

ያን ጊዜ የተሰጠኝ ጉዳይ የገጠር ክሊኒኮች የመድኃኒት ጥያቄ ነበር። በኔ ንድፍ ክሊኒኮቹ በየወሩ ቅጽ ይሞላሉ፣ ቅጹ ሐረር ይሄዳል፣ ከዚያ እኛ ዘንድ መጥቶ ማሽን በሚያነበው ካርድ ላይ በቀዳዳ ይበሳና ኮምፒዩተሩ ለማን ምን እንደሚላክ ያትማል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ጌታቸውም ወዶት ነበር። እኔን ግን ለዚህ ሥራ በሠለጠንኩበት ኮርስ አስተማሪያችን ደጋግሞ የነገረን ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፦ ያለውን አሠራር በዓይናችሁ ሳታዩ አዲስ አትንደፉ ይለን ነበር። እኔ ደግሞ ክሊኒክ ያየሁት ታምሜ ስሄድ ብቻ ነው። አቶ ጌታቸው ስምንት ቀን ፈቀደልኝ፤ የመንቀሳቀሻ ደብዳቤዬ ላይ ማኅተም ተመታ፣ ጉዞው ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ሆነ።

ቦርደዴ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

አዋሽን ካለፍን በኋላ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ ፊታችንን ይለበልበው ጀመር። ሁለት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ግመሎች ግራር ሥር ቆመው ቅጠል ይሸመጥጣሉ፣ በየጉድጓዱ ውኃ ተኝቷል። ቦርደዴ ስንደርስ ሾፌሩ ራዲያተሩ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት እንቆማለን አለ። መንገድ ዳር የምትታየው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ክሊኒክ መሆኗን ስሰማ ፋይሌን ይዤ ሮጥኩ።

ደጃፉ ላይ ጥላ ፍለጋ የተኮለኮለው ሰው ሃያ ይሆናል። አንዲት ሴት ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ ልጁ በዚያ ሙቀት ይንቀጠቀጣል። ጤና ረዳቱ ደረጀ ይባላል፣ ዕድሜው ከኔ ብዙም አይበልጥም። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ባዶ መደርደሪያ አሳየኝ። የወባ ኪኒን ካለቀበት አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ጥያቄውን በደንቡ መሠረት ልኳል፤ ኮፒውም አለው። ወረቀቱ ግን አሰበ ተፈሪ፣ ከዚያ ለፊርማ ሐረር ደርሶ፣ ተመልሶ እስኪመጣ መድኃኒቱ አለቀ።

እኔም ንድፌን ዘርግቼ አስረዳሁት። በጥሞና ሰማኝና አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"ኮምፒዩተራችሁ ዛሬ እዚህ ኪኒን እንደሌለ የሚያውቀው መቼ ነው?"

በልቤ አሰላሁ። ቅጹ የሚሞላው በወር መጨረሻ ነው። ሐረር፣ አዲስ አበባ፣ ካርድ መብሳቱ፣ ማተሙ። "ከሁለት ወር በኋላ" አልኩት።

አልተቆጣም፤ አመስግኖኝ ወደ በሽተኞቹ ተመለሰ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ቦታዬ ላይ ስቀመጥ ጆሮዬ በእፍረት ይግል ነበር። ቢሆንም ውስጤ አንድ ነገር ተነሳሳ። የማላውቀውን ነገር ጫፍ ይዤ ነበር።

አሰበ ተፈሪ፣ ረቡዕ

ከሚኤሶ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዛል። አሰበ ተፈሪ ሲመሽ ገባን፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ተራራው ላይ እርከን በእርከን ጫትና ማሽላ ይታያል። ጠዋት ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠጥቼ በቀጥታ ወደ መድኃኒት መጋዘኑ ሄድኩ።

ኃላፊው አቶ ጥላሁን ግራጫ ካፖርት የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የዕቃ መመዝገቢያ ካርዶቻቸውን አገላበጥኩ፤ አንዲት ስህተት አላገኘሁም። ከመደርደሪያው ጥግ ግን ካርቶኖች ተደርድረው አየሁና ምን እንደሆኑ ጠየቅኩ። የወባ ኪኒን ነበር። ቦርደዴ ያጣው ኪኒን የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጧል።

"ወረቀቱ ተፈርሞ ሳይመለስ አንድ ፍሬ ባወጣ እጠየቃለሁ" አሉኝ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመሩ፦ "እኔም ሳየው ነው የምውለው፣ ልጄ።"

ሁሉም ክሊኒክ እንዲህ ይቸገር እንደሆነ ስጠይቃቸው ካርዶቹን አንድ በአንድ አዩ። እሳቸው መጋዘኑን ከያዙ ወዲህ ገለምሶ ብቻ አልቆበት አያውቅም አሉ። ለምን እንደሆነ እሳቸውም ተገርመው ያውቃሉ፤ እዚያ የሚሠሩትን አዴ ፋጡማን ጠይቂ አሉኝ።

በደሳ፣ ሐሙስ የገበያ ቀን

ወደ ገለምሶ የወሰደኝ ጫት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ነው። ባለቤቱ ኦቦ ኡመር ራሳቸው ይነዳሉ፤ ከፊት አስቀምጠውኝ መንገዱን ሙሉ በአማርኛና በኦሮምኛ እያቀላቀሉ አጫወቱኝ። በደሳ ላይ ገበያው መንገዱን ዘግቶት ነበር። በአህያ የተጫነ ቡና፣ በቅጠል የተጠቀለለ ጫት፣ ብርቱካን። አምስት ብርቱካን በሃምሳ ሳንቲም ገዝቼ ለሁለት በላናቸው።

መንገዱ እስኪከፈት የበደሳን ክሊኒክ አየሁ። ቅጼን ለመፈተን ፈልጌ ጸሐፊው እንዲሞላልኝ ለመንኩት። ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛ የተማረው በትምህርት ቤት ነው። እየተጠነቀቀ ሞላው። "ቀሪ" በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ እኔ የተረፈውን ኪኒን ብዛት በጠበቅሁበት፣ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። መደርደሪያው ላይ ግን በመቶ የሚቆጠር ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቅኩት። ለሕክምና ተመለሱ ተብለው ሳይመጡ የቀሩ በሽተኞች ናቸው አለኝ። በትምህርት ቤት የስም መጥሪያ ላይ ቀሪ ማለት ያልመጣ ተማሪ ነው፤ ጸሐፊው ትክክል ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ግን እየሳቅሁ ዓምዱን በእርሳስ ከበብኩት። ይኼ ቁጥር ኮምፒዩተር ውስጥ ቢገባ ኖሮ ማሽኑ ሳያቅማማ ያምነው ነበር።

ገለምሶ

አዴ ፋጡማ በገለምሶ ክሊኒክ ብዙ ዓመት ቁስል እያጠቡና መድኃኒት እየሰጡ የሠሩ ድሬሰር ናቸው። ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ አንዱን በኦሮምኛ አንዱን በአማርኛ እየጠየቁ ያክማሉ። ሰልፉ እስኪያልቅ ጥግ ተቀምጬ አየኋቸው። ኪኒኑ በትልቅ የመስታወት ዕቃ ነው የሚቀመጠው። ዕቃው ላይ ሁለት የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፏል፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ።

ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ነገሩን እንደ ቀላል ነው የነገሩኝ። ጥያቄ ልከው መድኃኒቱ እስኪመጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያውቃሉ፤ በዚያን ያህል ቀን ስንት ፍሬ እንደሚሰጡም ያውቃሉ። ኪኒኑ ያን ያህል ሲቀር ፕላስተሩ ጋ ይደርሳል። ያን ዕለት፣ ወሩ አለቀ አላለቀ፣ ወረቀት ይጽፋሉ። የታችኛው ፕላስተር ለበጋ ነው፣ የላይኛው ወባ ለሚበዛበት ለክረምት መውጫ። ወረቀቱን ለኦቦ ኡመር ይሰጣሉ፤ ጫት ሰው ስለማይጠብቅ መኪናቸው አንድ ቀን አያድርም።

ብድግ አልኩ። አስተማሪያችን በኮርሱ የመጨረሻ ሳምንት ዕቃ ሳያልቅ መቼ መታዘዝ እንዳለበት ሰሌዳ ላይ በመስመርና በቀስት የሣለው ነገር ነው። ገለምሶ ላይ በፕላስተር ተሠርቶ፣ ያለ ኮምፒዩተር፣ ዓመታት አገልግሏል።

"ማን አስተማረዎት?"

"አንድ ክረምት አልቆብኝ ነበር" አሉኝ። የመስታወቱን ዕቃ ወደ ቦታው መለሱ። "ከዚያ ወዲህ ወላሂ አላለቀብኝም።"

ሌላ አልጠየቅኳቸውም። ያን ማታ አልጋ የያዝኩበት ቤት ተቀምጬ ንድፌን በሙሉ ሰረዝኩና እንደገና ጀመርኩ። እጄ ሐሳቤ ላይ አልደርስ እያለኝ ተቸገርኩ። ዓምዶቹ ከሃያ ወደ አራት ወረዱ። "ቀሪ" ወጥቶ "ዛሬ በመደርደሪያ ላይ ያለ ፍሬ" ተባለ። የወር መጨረሻ የሚባል ነገር ቀረ።

መመለስ

ዓርብ አሰበ ተፈሪ ስመለስ አቶ ጥላሁንን ስለ ቦርደዴ ያለፋታ ነዘነዝኳቸው። ፊርማው ሐረር ከሆነ በስልክ እንጠይቅ አልኳቸው። በስልክ ተፈቅዶ እንደማያውቅ ነገሩኝ። አልተፈቀደም ወይስ አልተጠየቀም ስላቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ስልክ ቤት ይመሩኝ ጀመር። መስመሩን ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። በመጨረሻ የሐረሩ ኃላፊ ተገኙ፤ ነገሩን ሰምተው፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል አውጡ አሏቸው። አቶ ጥላሁን ሰዓቱንና ስማቸውን በካርዱ ላይ ጽፈው ሁለት ካርቶን ሲያነሡ ፊታቸው የሌላ ሰው መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ኡመር ጫታቸውን ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ አንዱን ካርቶን በጉልበቴ፣ ሌላውን በእግሬ መሐል ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። ለሰላምታ እንኳ የማይቆሙት ሰው ቦርደዴ ላይ ሞተሩን አጠፉ። ደረጀ ካርቶኑን በጥርሱ ቀደደው። የመጀመሪያዋን ኪኒን የወሰደው ሽማግሌ ሳይውጣት በመዳፉ ይዞ ትንሽ አያት። በነጠላ ታቅፎ ስለነበረው ልጅ ደረጀን ጠየቅኩት፤ ሚኤሶ ወስደውት ተርፏል አለኝ። 

አዲስ አበባ

ሰኞ አዲሱን ንድፍ አቶ ጌታቸው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ረጅም ጊዜ አየውና ታዲያ ኮምፒዩተሩ ምን ሊሠራ ነው አለኝ። ለእያንዳንዱ ክሊኒክ በየወቅቱ ፕላስተሩ የት ላይ እንደሚለጠፍ ያሰላል አልኩት። መጋዘኑም ከሐረር በስልክ ማስፈቀድ እንዲችል ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ሁለቱም ተፈቅደው በነዚያው ከተሞች ሙከራው ተጀመረ።

ከወራት በኋላ ኮምፒዩተሩ ያሰላቸውን ልኬቶች ለየክሊኒኩ ላክን። ከገለምሶ አጭር ደብዳቤ መጣልኝ። አዴ ፋጡማ የኛ መስመር ከሳቸው ሁለት ጣት ዝቅ እንደሚል፣ እሳቸውም ፕላስተራቸውን እንደማያነሡ ጽፈዋል። ወደ ማሽኑ ክፍል ሄጄ ቁጥሮቹን መረመርኩ። ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡትን በሽተኞች ረስተናቸዋል፤ በመዝገብ ሳይሆን በሌላ ደብተር ነበር የሚጻፉት። ፕሮግራሙን አስተካክለን ስናሰላው የኛ መስመር ሁለት ጣት ከፍ አለ።