መርዶ ሳይሰማ የተነፋ ዋሽንት

የዚያ ዓመት ኸማሲን መቼም አይረሳ። ያ የካይሮ የጸደይ ነፋስ የበረሃውን አሸዋ እያግበሰበሰ ሲመጣ ሰማዩ ቢጫ ይለብሳል። መስኮት ቢዘጋ፣ ቀዳዳው በጨርቅ ቢወተፍ፣ አቧራው ገብቶ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ደረት ይከብዳል፤ ሰው ያለ ነገር ሆድ ይብሰዋል። ቀጸላን ግን ሆድ ያስባሳት ነፋሱ አልነበረም። የባሏ የብዙአየሁ እናት ደጀን ላይ ማረፋቸውን በስልክ ሰምታ፣ ለእሱ ሳትነግረው ነበር የከረመችው።

መንገርማ እንዴት ብላ! መርዶ እንዲህ ከአፍ አይጣልም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። የሚኖሩበት የፋይሰል ሰፈር ሐበሾችም መከሩ። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ናሁሰናይ፣ «ዓርብ ዋሽንት የሚነፋበት ፌስቲቫል አለው አይደል? ይጫወትና ቅዳሜ ጠዋት እናረዳዋለን። ይቺን አንድ ቀን አንንጠቀው» አሉ።

እውነትም ያቺ ቀን ለብዙአየሁ ትልቅ ነበረች። ጎጃም ሰርግ ሲያደምቅ የኖረ ዋሽንተኛ፣ ካይሮ ከመጣ ወዲህ ዶቂ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢ ነው። ከምግብ ቤቱ ጓሮ ሲነፋ አንድ ግብፃዊ ዲጄ ሰማውና በኮምፒውተር ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ እንግዳ አድርጎ ጠራው። ብዙአየሁ ልምምድ ውሎ ሲመጣ ይስቃል። «ያን ሁሉ ሽቦ ብታይ! መብራት የጠፋ ቀን እኮ እኔ ብቻዬን ነኝ የምቀረው።»

ዓርብ ነፋሱ ጋብ አለ። ሊወጡ ሲሉ ስልኩን ሰጣት።

«ቀጹዬ፣ ስነፋ ቅጂልኝ። ለእናቴ እልክላታለሁ። ‹ልጄ ሳህን አጣቢ ሆኖ ቀረ› ያለች፣ ትስማ!»

ቀጸላ ስልኩን ተቀበለች። ሳቀችም። ያቺን ሳቅ ከየት እንዳመጣቻት እግዜር ይወቅ።

ሜዳው ላይ ወጣቱ እንደ አሸን ፈልቷል። ከማሽኑ የሚወጣው ከበሮ መሬቱን ከእግር በታች ያርገበግበዋል። ብዙአየሁ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወጣና ዋሽንቱን ከከንፈሩ አገናኘ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እንደ ሰርግ ቤት። ሕዝቡ ዘለለ፣ አፏጨ። ቀጸላ የባሏ ፊት እንደዚያ ሲበራ አይታ አታውቅም።

ጎረቤታቸው እማማ ወለተማርያም ከእሷ ቀድመው ከመድረኩ ሥር ቆመዋል። ጠዋት ብዙአየሁ በሌለበት ከቀጸላ ጋር ሲያለቅሱ አርፍደው፣ በዚያው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ነበር፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው። እጅ ልማዱን መች ይረሳል! ለአቧራው ብለው የደረቡት ካፖርት ሸፍኖት ነበር። ሙቀቱ ቢያስጨንቃቸው አወለቁት።

ዋሽንቱ ቆመ። ከበሮው ግን አልቆመም፤ ወጣቶቹም የጨዋታው ወግ መስሏቸው ጮኹ። ብዙአየሁ ነጠላውን አየ፤ ቀጥሎ የሚስቱን ዓይን አየ። ወረደ።

«እናቴ ናት?»

ቀጸላ መቅረጿን አቁማ ስልኩን ዝቅ አደረገች።

«መቼ ሰማሽ?»

«እሁድ።»

«እሁድ! ይሄን ሸሚዝ ስትተኩሺልኝ ታውቂ ነበር?»

«ብዙዬ፣ ላንተው ተብሎ እኮ...»

«እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ላስጨፍር? ቅጂልኝ ስልሽ ደግሞ ሳቅሽ!»

እማማ ወለተማርያም ደረታቸውን እየደቁ «እኔን አፈር ይብላኝ!» ቢሉ ማን ሊሰማ።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ መጡ። የሚያረዱት ሰው ግን ቀድሞ አውቆ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አብሯቸው አለቀሰ፤ ቀጸላን ግን ቀና ብሎ አላያትም። አቶ ናሁሰናይ ጉልበቱን ይዘው፣ «ጥፋቱ የኛ ነው ልጄ፣ እሷን ተዋት» ብለው ለመኑት።

«እናንተማ ሽማግሌ ናችሁ፣ ወግ ነው። አጠገቤ የምትተኛው ግን እሷ ናት። ኸላስ፣ በቃ።»

የአርባው ጸሎት እንዳበቃ ልብሱን ሸክፎ ወጣ። ቀጸላ ማይክሮባስ ሲሳፈር በመስኮት አየችው፤ አልጠራችውም። ምን ብላ ትጥራው? ብትነግረው ወግ ማፍረስ፣ ብትደብቀው ትዳር።

ብዙአየሁ አሁን ያለው ካይሮ ዳር፣ 6ኛ ኦክቶበር የሚባለው ከተማ ነው። የአንድ ሕንፃ በዋብ፣ ያው ዘበኛ ሆኖ፣ ከደረጃው ሥር ባለች ክፍል ይኖራል። ባለፈው ፋሲካ ያገኘው ሰው የተናገረው ይህንኑ ነው።