በሃምሳው የቆመው ስግደት

የወጌሻነት ሥራ የጀመርሁት አርብ ገበያ ከተማ ነው፣ በገበያው ቀን። ከዚያ በፊት አሽቼ የማውቀው የራሴን በግና የጎረቤት አህያ እግር ብቻ ነበር። አንድ ሰው ጭነት ሲያራግፍ ወገቡን ይዞት ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ያቃስታል። ወጌሻ የለም ወይ ሲሉ፣ አለ አልሁና ገባሁ። በሆዱ አስተኝቼ ወገቡን በተረከዜ ረገጥሁት። ቋ አለ። ከብቦ የሚያየው ሕዝብ አወጣለት ብሎ አጨበጨበ። እኔም ያወጣሁለት መሰለኝ። ሰውየው ግን ቤቱ የገባው በቃሬዛ ነው። ያን ቀን ሥራውን መተው ነበረብኝ፤ አልተውሁም።

አስተማሪ አልነበረኝም። ፊደልንም አጥንትንም የለየሁት በራሴ ነው። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። ራሱን ያስተማረ ሰው የሚያርመው የለውም።

አንድ ቦታ መቀመጥም አይሆንልኝም ነበር። ከአርብ ገበያ ወገዳ፣ ከወገዳ መካነ ኢየሱስ በእግሬ እመላለሳለሁ። በሽተኛውን በኑግ ዘይት አሸዋለሁ፣ ወገቡን በሰፊ መቀነት ጠፍሬ አስራለሁ፣ አትነቃነቅ እለዋለሁ፣ እሄዳለሁ። ስመለስ ብዙዎቹ እንደ ግንድ ደርቀው ይጠብቁኛል። ልጆቼን ቀና ብላችሁ ተቀመጡ እያልሁ እቆጣ ነበር፤ የራሴ ወገብ ግን ጎብጦ ነበር።

በደርግ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ ነበር፤ ሚስተር ናየር ይባላል። ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት አስጠራኝ። ቤቱ ስገባ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ መዳፎቹን መሬት አስደግፎ ደረቱን ብቻ ቀና አድርጎ አገኘሁት። የከተማው ሰው እባብ ያመልካል ይለው ስለነበር በሩ ላይ ቆሜ አማተብሁ። እሱ ሳቀ።

"ማምለክ የለም። ይሄ ለወገብ ነው። አንቺ ወገብ ታመሻል፤ አረማመድሽን አየሁ" አለኝ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

እግሩ እስኪድን በተመላለስሁ ቁጥር እኔ የሱን ቁርጭምጭሚት፣ እሱ የኔን ወገብ ይዞ ከረመ። የእንቅስቃሴው ስም ዮጋ ነው አለኝ። ሁለት ነገር ብቻ ተማርሁ። አንደኛው ያ ደረት ማቅናት ነው። ሁለተኛው ተንበርክኮ፣ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ፣ ግንባርን መሬት ማስነካትና እጅን ወደ ፊት መዘርጋት ነው። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሽ ሳይዙ፣ በየቀኑ። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ ካደነዘዘ ግን ማቆምና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። ጥቂት ሳምንት እንደሠራሁት ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማሰር ቻልሁ። ማንም ሳያግዘኝ።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም እንደገባ ፈንቴ የሚባል ገበሬ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖር፣ ሁለት በሬ ያለው ብርቱ ሰው ነው። ወገቡን ሲይዘው ይህ ሦስተኛው ነበር። በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ጨው ወገቡ ላይ አስቀመጥሁለት፣ በዘይት አሸሁት። መቀነቱን አላሰርሁም። ከዚያ ሁለቱን እንቅስቃሴ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ።

"አያ ደመቀ፣ ይሄ የሕንዱ ነገር አይደለም?" አለኝ።

የሕንዱ ነው ብለው ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ማስረዳት ያደክመኛል።

"ስግደት ነው" አልሁት። "ጾም አይደለም እንዴ? ስገድ።"

ደስ ብሎት ሄደ። ጾሙን ሙሉ ያለ ማቋረጥ ሠራ ብዬ አመንሁ። ቅዳሜና እሁድ ይተው እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። ለፋሲካ ሳየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሥራዬ የተሳካ መሰለኝና ወደ ወገዳ ተሻገርሁ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ተጠራሁ። ስደርስ ፈንቴ መደብ ላይ ተጋድሟል። መሬቱ አንድ ጊዜ ብቻ ታርሷል፣ ደመናው ከብዷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቀድሞኝ መጥቶ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ጦም ያደረ መሬት ለሚያርስ እንደሚሰጥ ነግሮት ነው የጠበቀኝ። ለመዳን ስንት ቀን ይበቃዋል አለኝ። ሁለት ሳምንት አልሁ። አላውቀውም ነበር። ጎረቤት በወንፈል እንዳያርስለት፣ ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ የሚመለሰው በወገብ ነው።

ሰውየው እንደሄደ ፈንቴ ላይ ጮህሁበት። ሰነፍ አልሁት። ሠርተህ ቢሆን ይህ አይደርስብህም አልሁ። ስጨርስ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

"አያ ደመቀ፣ እርስዎ ስግደት ነው አላሉኝም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ በሃምሳው ይሰገዳል እንዴ?"

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ስግደት እንደሌለ ከሱ እኩል አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የንስሐ አባቱንም ጠይቋቸዋል፤ ልጄ በዓል ነው፣ አይሰገድም ብለውታል። እሳቸውም እሱም ልክ ናቸው። ወገቡ ሥራ በሚበዛበት ጊዜ መድኃኒቱን ያስቆምሁት እኔ ነኝ።

ወጥቼ በረቱን ሁለት ጊዜ ዞርሁ። ተመልሼ ገባሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"ስግደት አይደለም። ዋሸሁህ" አልሁት። "ከሕንዱ ነው የተማርሁት። እባብም አምላክም የለበትም። ድመት ከእንቅልፏ ስትነሳ የምታደርገው ነው፤ መንጠራራት በለው።"

"ታዲያ ድመት ናት ቢሉኝ ምን ነበረበት?" አለ።

በሥራ ዘመኔ ከአንድ በሽተኛ ዘንድ ሳልሄድ የሰነበትሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ ጨው አስቀምጣለሁ፣ አንጠራራዋለሁ፣ ግቢውን አዞረዋለሁ። በመካከሉ እኔ ደጅ ወጥቼ ደመና አያለሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ሚስቱ ወይዘሮ የሺ፣ "አያ ደመቀ፣ በሽተኛው እርስዎ ነዎት ወይስ እሱ?" ብለው ሳቁብኝ። ሞፈር ሲያነሳ ከጉልበቱ እንዲነሳ፣ በየትልሙ ጫፍ ቀና ብሎ እንዲቆም፣ ዕርፉን የሚይዝበትን እጅ እንዲያፈራርቅ አለማመድሁት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሬዎቹን ጠመደ። እኔ ከትልሙ ዳር ዳር ተከተልሁት።

ትልቁን እርሻ ዝናቡ ሳይገባ አደረሰ። ከወንዙ ዳር ያለችው ቁራጭ መሬት አልደረሰችም። ሊቀመንበሩ እንዳለው አደረገ፣ ለሌላ ሰጣት። ፈንቴ አንድ ቀን አላነሳብኝም። እኔ ግን በዚያ ባለፍሁ ቁጥር የሰው እህል ሲበቅልባት አያለሁ።

በዓመቱ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በዚያው መንገድ ሳልፍ ፈንቴ ከእርሻው ዳር ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነክቷል። አንድ መንገደኛ ቆሞ፣ "ምነው ፈንቴ፣ በሃምሳው ትሰግዳለህ?" አለው።

"አልሰገድሁም" አለ ቀና ሳይል። "እየተንጠራራሁ ነው።"

ለእናንተ በዚህ ሥራ ላላችሁ የምተወው ይህን ነው። ለበሽተኛ የምትሰጡትን በራሱ ስም ጥሩት። ላይቀበላችሁ ይችላል፤ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት።