በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቃል

በሰው አገር ሕክምና የምትማረው ልጅ የነጭ ጋውኗን ረጅም እጅጌ ጠቅልላ ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ትቀመጥና፣ ስልክ እያወራች ጣቶቿን ታጥፋለች። የምትቆጥረው እናቷ በአንድ ትንፋሽ ስንት ቃል እንደምትናገር ነው። አምና ዘጠኝ ነበር፤ ዛሬ ሦስት።

«እማዬ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

«ምን ሆኜ ልጄ... ደረጃ ወጥቼ ነው... አንቺ ብቻ ተማሪልኝ።»

የእናቷ ቤት ደረጃ የለውም።

የሐሙሱን ፈተና ጥላ ወደ እናቷ ብትሄድ ከትምህርት ቤቱ ትሰረዛለች። ይህን ሕግ ያወጡት ደግሞ ሰው ማዳን እናስተምራለን ባዮቹ ናቸው!

ሐሙስ በቃል ፈተናው፣ በአንድ ትንፋሽ ከሦስት ቃል በላይ መናገር ያቃታት በሽተኛ ብትመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ ተባለች።

«ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል አስተኛታለሁ» አለች።

መምህሩ «ጎበዝ!» ብለው ሙሉ ነጥብ ሰጧት።